ሬንደሩ ለምን መሃል ላይ ዘጋ? በብዙ እጅ የሚሠራ ሥዕልና የ«ትሬድ» ጣጣ



ሰሞኑን ከይፋግ አንድ ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈልን። ወረታ ካለ አንድ ፎቶ ቤት ጋር ተነጋግሮ ለሠርግ ቪዲዮ የ10 ሰከንድ መክፈቻ በብሌንደር እየሠራ ነበር። የሙሽሮቹ ስም ውሃ ከተኛበት የፎገራ ሩዝ ማሳ መሃል ብቅ ሲል የሚያሳይ ነው። ሐሳቡ ያምራል። ቀብድም ተቀብሏል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሬንደር አስጀመረው፤ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ከ250 ፍሬም 243ኛው ላይ ደርሶ ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ተዘጋ። እጁ ላይ የቀረው አልከፈት ያለ አንድ የቪዲዮ ፋይል ብቻ ነው።

«ኮምፒውተሬ ደካማ ስለሆነ ነው ወይስ ሶፍትዌሩ ነው? ቀብዱን ልመልስ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም መጀመሪያ «ራም አንሶት ይሆናል» ብለን ነበር። ራም ሲያልቅ ፕሮግራም መዘጋቱ የተለመደ ነው። ግን «ያደረግከውን አንድ በአንድ ንገረን» ስንለው ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ ፍሬም በተቀየረ ቁጥር የስሞቹን ጽሑፍ የሚለውጥ የፓይተን ስክሪፕት ከኢንተርኔት አውርዶ አስገብቷል። ሁለተኛ፣ ሬንደሩ እየሄደ እሱ እንቅልፍ እምቢ ስላለው እዚያው ፋይል ላይ ትዕይንቱን እያዞረ፣ ውሃውን እየነካካ ነበር ያደረው።

ይኼን ስንሰማ ጥርጣሬያችን ከራሙ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ነገሩ «ትሬድ» የሚባል ነው። በግራፊክስ፣ በቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ በቤት ፕላን ሥዕል ወይም በጌም ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ሳታውቁት በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። እስቲ ከሥሩ እንየው።

🔹 ትሬድ ምንድን ነው?

ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም ክር ማለት ነው። ፕሮግራም የትእዛዝ ሰልፍ ነው፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ያ አንዱ ሰልፍ አንድ ክር ነው። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ግን 4፣ 8 ወይም ከዚያ በላይ ኮር አላቸው። አንድ ክር ብቻ ከሆነ አንዱ ኮር ሲደክም ሌሎቹ ሥራ ፈት ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሥራውን ለብዙ ክሮች ያከፋፍለዋል።

ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንየው። አንድ ፉል ኤችዲ ሥዕል 1920 በ1080 ነው፤ ይህም 2,073,600 ነጥብ ወይም ፒክስል ማለት ነው። ብሌንደር በእያንዳንዱ ፒክስል 128 ጊዜ ብርሃን ቢሞክር፣ ለአንድ ሥዕል ብቻ ከ265 ሚሊዮን በላይ የብርሃን መንገድ ይከተላል። የ10 ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ደግሞ 250 ሥዕል ነው። አንዱ ሥዕል 2 ደቂቃ ቢወስድ ሁሉም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ይኼ እንግዲህ ሁሉም ኮሮች ተረባርበው ነው። በአንድ ክር ቢሆን ሠርጉ አልፎ መልሱም ይደርስ ነበር!

🔹 ደቦና መዝገብ

የሩዝ አጨዳ ደቦ አስቡ። 8 ሰው ማሳው ላይ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ያጭዳል። አንዱ የሌላውን ድርሻ እስካልነካ ድረስ ማንም ከማንም አይጋጭም። ሬንደርም እንደዚሁ ነው። ሥዕሉ በትናንሽ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ አንዱ ክር የላይኛውን ግራ፣ ሌላው የታችኛውን ቀኝ ይሠራል። የአንዱ ፒክስል ቀለም የጎረቤቱን ፒክስል ቀለም አይጠብቅም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ይመጣል? የጋራ የሆነ ነገር ላይ ሲደርሱ ነው።

ሩዙ ተወቅቶ መፈልፈያ ቤት ገባ እንበል። ሁለት ሰዎች በሁለት በር ጆንያ እየተቀበሉ በአንድ መዝገብ ላይ ይቆጥራሉ። መዝገቡ 40 ይላል። አንደኛው 40ን አየ። እሱ ገና ሳይጽፍ ሁለተኛውም 40ን አየ። አንደኛው አንድ ጨምሮ 41 ጻፈ። ሁለተኛውም አንድ ጨምሮ 41 ጻፈ። ሁለት ጆንያ ገብቷል፤ መዝገቡ ላይ የታየው ግን አንድ ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። አንድ ጆንያ ግን ጠፋ።

በኮምፒውተር ቋንቋ ይኼ «ሬስ ኮንዲሽን» ይባላል፤ እኛ ሽሚያ ብንለው ይገልጸዋል። ጠላቱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ካልተገናኙ ምንም አይፈጠርም። ስለዚህ 100 ጊዜ ሠርቶ 101ኛው ላይ ይበላሻል። «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር» የምንለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሬንደር ውስጥ ጉዳዩ ከቁጥር መሳሳት ያልፋል። አንዱ ክር የውሃውን ቅርጽ እያነበበ ሌላው ያንኑ ቅርጽ አፍርሶ በሌላ ቢተካው፣ አንባቢው ክር የሌለ ሚሞሪ ላይ እጁን ይዘረጋል። በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙ ይዘጋል። ይቅርታ እንኳ አይጠይቅም።

ወረታን ለምታውቁ እንዲህ እንበላችሁ፤ የባሕር ዳሩ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ እዚያ ይገናኛሉ። መኪኖቹ በየመንገዳቸው ሲሄዱ ግጭት የለም። ጥንቃቄው መገናኛው ላይ ነው። የትሬድ ጥንቃቄም ይኸው ነው፤ መገናኛውን ማወቅና መገናኛውን ማሳነስ።

🔹 አራቱ ደንቦች

ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው።

1️⃣ መጀመሪያ ተካፈሉ። ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ድርሻ መስጠት ከሁሉም ይሻላል። ጆንያ ቆጣሪዎቹ ሁለት መዝገብ ቢይዙና ማታ ላይ ቢደምሩት ኖሮ ጭቅጭቅ አይኖርም። ሬንደር ላይ በዕጣ የሚወጣ ቁጥር ብዙ ያስፈልጋል፤ ብርሃኑ ወዴት እንደሚነጥር የሚወሰነው በዚያ ነው። ሁሉም ክር ከአንድ ቁጥር አውጪ ቢቀዳ ሽሚያው እዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክር የራሱ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል።

2️⃣ የሚጋሩትን አትቀይሩ። ሁሉም ክር አንድን ትዕይንት ማንበብ ይችላል፤ ችግር የለውም። አንድ ጋዜጣ ለአሥር ሰው ቢነበብ ጋዜጣው አይጎዳም። ጣጣው አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲፍቅ ነው። መቀየር የግድ ከሆነ ቅጂ አውጥቶ ቅጂው ላይ መሥራት፣ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ መተካት ነው። እናቶቻችን ይኼን ያውቁታል። አንዱ እንጀራ መሶብ ላይ ይበላል፣ ሌላው ምጣድ ላይ ይጋገራል። ያልበሰለው ከምጣዱ ላይ አይቆረስም፤ ሲበስል ወጥቶ ይቀርባል። ስክሪናችሁ ላይ የምታዩት ሥዕልም እንደዚህ ነው። አንዱ ሥዕል እየታየ ቀጣዩ ከጀርባ ይሠራል፣ ሲያልቅ ይቀያየራሉ። «ደብል በፈሪንግ» የሚባለው ይኼው ነው።

3️⃣ የማይቀር ከሆነ በተራ ተጠቀሙ። መስኖ ባለበት ቀበሌ የውሃ አባት አለ። ዛሬ ውሃው የእገሌ ነው ካለ ሌላው ቦዩን አይሰብርም፤ ተራው ሲደርስ ይከፈትለታል። ፕሮግራም ውስጥ ይኼ «ሎክ» ይባላል። አንዱ ክር መዝገቡን ሲይዝ ይቆልፋል፣ ጽፎ ሲጨርስ ይከፍታል፤ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ይኼን የተራ ጉዳይ በሒሳብ ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው።

ሎክ ግን ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ ወረፋ ነው። ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ከሥራው 10 በመቶው በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ 1000 ኮር ብትገዙም ፍጥነቱ 10 እጥፍ አይደርስም። በ4 ኮር የምታገኙት 3 እጥፍ ገደማ ነው፤ በ8 ኮር ደግሞ 4.7 እጥፍ። ሁለተኛው ዋጋ ይብሳል። አንድ ገበሬ ቀንበሩን ይዞ በሬ ይጠብቃል፤ ጎረቤቱ በሬውን ይዞ ቀንበር ይጠብቃል። ሁለቱም «መጀመሪያ አንተ ስጠኝ» ካሉ ማሳው ጦሙን ያድራል። ይኼ «ዴድሎክ» ነው። ፕሮግራሙ አይዘጋም፣ አይሠራም፤ ደርቆ ይቀራል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ቀንበር፣ ቀጥሎ በሬ ካለ መቆላለፍ አይኖርም።

4️⃣ ለባለቤቱ አቀብሉ። አንዳንድ ነገር በደንቡ ባለቤት አለው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪኑን መንካት የሚፈቀደው ለዋናው ክር ብቻ ነው፤ ሌላ ክር ሊነካ ቢሞክር ሲስተሙ ስህተት ብሎ ያቆመዋል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኦፕንጂኤልም በግራፊክስ ካርዱ ላይ የተከፈተውን የሥራ ቦታ በአንድ ጊዜ ለአንድ ክር ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ሌሎቹ ክሮች ፋይል ይከፍታሉ፣ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ያዘጋጁትን ወረፋ ላይ ያስቀምጣሉ። የሚስለው ባለቤቱ ነው፤ በጊዜው ከወረፋው ያነሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የመጣው ቩልካን ይኼን ትንሽ ፈታ አድርጎታል። ብዙ ክሮች የሥዕል ትእዛዝ በየራሳቸው ደብተር መጻፍ ይችላሉ፤ ደብተሩን ለካርዱ ማስረከቡ ግን አሁንም በተራ ነው፣ ተራውን የማስጠበቁ ኃላፊነትም የፕሮግራመሩ ነው።

በአገራችን ልጆች የተሠራውን «ኩኩሉ» የሞባይል ጌም የተጫወታችሁ፣ ዶሮዋ ከገበሬው ስታመልጥ አይታችኋል። እንዲህ ዓይነት ጌም በሰከንድ 60 ሥዕል ማሳየት ካለበት ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ድምፁን፣ ፋይሉንና ሥዕሉን አንድ ክር ብቻ ይሥራው ከተባለ ዶሮዋ እየተንገጫገጨች ትያዛለች። ክሮቹ ያለ ደንብ ከተለቀቁ ደግሞ ጌሙ ይዘጋል። የሚያዋጣው መሃሉ ነው።

🔹 የይፋጉ ልጅ ጉዳይ

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። ብሌንደር ሬንደር ሲያደርግ ፍሬም በተቀየረ ቁጥር የሚነሱ ስክሪፕቶች በአንድ ክር ይጠራሉ፤ እኛ በዓይናችን የምናየው መስኮት ደግሞ በሌላ ክር ይታደሳል። ስክሪፕቱ ጽሑፉን እየለወጠ መስኮቱ ያንኑ ጽሑፍ እያነበበ ከተገናኙ ፕሮግራሙ ሊዘጋ ይችላል። ይኼን እኛ አላመጣነውም፤ የብሌንደር የራሱ መመሪያ ያስጠነቅቃል። መፍትሔውም እዚያው አለ። ላይ ካለው የ«ሬንደር» ሜኑ ውስጥ «ሎክ ኢንተርፌስ» የሚል አለ፤ እሱን መጫን ነው። ያኔ ሬንደሩ እስኪያልቅ መስኮቱ ይቆለፋል። መነካካት አይቻልም፣ ሽሚያም የለም።

ልጁ ይኼን አደረገ። ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ነገር አስተካከለ።

✅ በአንድ ቪዲዮ ፋይል ፈንታ በየፍሬሙ ፒኤንጂ ሥዕል እንዲያወጣ አደረገ። እንዲህ ሲሆን 243ኛው ላይ ቢዘጋ እንኳ 242ቱ ይተርፋሉ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ሥዕሎቹን ወደ ቪዲዮ ማያያዙ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

✅ የክሮቹን ቁጥር ከ«አውቶ» ወደ «ፊክስድ» ቀይሮ አንድ ኮር ለሲስተሙ ተወለት። ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ኮምፒውተሩ ይተነፍሳል።

✅ ፋይሉን ይዞ ወረታ ወረደና በፎቶ ቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች አስጀመረው። ሁለቱም ሥዕሎቹን የሚያስቀምጡት በኔትወርክ በሚጋሩት አንድ ፎልደር ውስጥ ነው።

ታዲያ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱን ፍሬም ደግመው እንዳይሠሩት ምን ይከለክላቸዋል? ብሌንደር ለዚህ ቀላል ዘዴ አለው። የውጤት ማስተካከያው ውስጥ «ኦቨርራይት»ን አጥፍቶ «ፕሌስሆልደርስ»ን ማብራት ነው። አንዱ ኮምፒውተር 57ኛውን ፍሬም ሲጀምር በዚያ ስም ባዶ ፋይል ያስቀምጣል። ሌላው መጥቶ ፋይሉን ሲያይ «ተይዟል» ብሎ ወደ 58 ያልፋል። ወንበር ላይ ነጠላ ጥሎ እንደ መሄድ ነው።

ሌሊት ላይ ግን መብራት ጠፋ። በነጋታው መብራቱ መጥቶ ድጋሚ ሲያስጀምሩት ሁሉም ያለቀ መሰለ። ቪዲዮው ሲታይ ሁለት ቦታ ላይ ሥዕሉ የለም። ምን ሆነ መሰላችሁ? መብራቱ ሲጠፋ እያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ አንድ ፍሬም ይዞ ነበር። ባዶዎቹ ፋይሎች እንዳሉ ቀሩ፤ ኮምፒውተሮቹም «ተይዟል» እያሉ አለፏቸው። ነጠላው ወንበሩ ላይ አለ፣ ሰውየው ግን ሄዷል። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ሁለት ፋይሎች አጥፍተው እንደገና ሲያስጀምሩት ተሟላ። ሎክ ስትጠቀሙ ሁልጊዜ ይኼን ጠይቁ፤ የያዘው አካል ድንገት ቢሞት ማን ይከፍተዋል?

ኔትወርክ የሌላችሁ ደግሞ ወደ አንደኛው ደንብ ተመለሱ። ከ1 እስከ 125 በአንዱ ኮምፒውተር፣ ከ126 እስከ 250 በሌላው፤ ከዚያ በፍላሽ መሰብሰብ። ቁልፍም ተራም አያስፈልግም። ብቻ የብሌንደሩ ቨርሽን አንድ ይሁን፣ ፋይሉ የሚጠቀምባቸው ፎቶዎችም አብረው ይታሸጉ።

🔹 ኮድ ለምትጽፉ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከገባ ወዲህ ፓይተን የሚሞክር ብዙ ነው። ለብሌንደር ስክሪፕት የምትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጀርባ በከፈታችሁት ክር ውስጥ ሆናችሁ የብሌንደርን ትዕይንት በቀጥታ አትንኩ። ክሩ ፋይል ያውርድ፣ ሒሳብ ይሥራ፣ ውጤቱን «ኪው» ውስጥ ያስቀምጥ። ትዕይንቱን የሚቀይረው ብሌንደር ራሱ በሰዓቱ የሚጠራው «ታይመር» ይሁን። አራተኛው ደንብ ማለት ነው።

ደግሞም «ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል» ለትሬድ ማስረጃ አይሆንም። ነሐሴ 14 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ኦንታሪዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ጠፍቶበት ነበር። መነሻው ኦሃዮ ላይ መስመሮች ከዛፍ ጋር መነካካታቸው ነው። ግን የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ቀድሞ ደርቆ ስለነበር ሠራተኞቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ምንም ሳያውቁ ቆዩ። በኋላ ሲመረመር ምክንያቱ ሬስ ኮንዲሽን ሆኖ ተገኘ። ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም ነበር። ስለዚህ ኮዳችሁን ስታዩ «ሠራ ወይ?» ከማለት «ይኼን ነገር ማን ይጽፋል? መቼ? ሌላስ ማን ያነበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

🔹 ማጠቃለያ

ብዙ እጅ ሥራ ያፈጥናል፤ የእያንዳንዱ እጅ ድርሻ ካልታወቀ ግን ያበላሻል። መጀመሪያ ተካፈሉ። ካልተቻለ የጋራውን ሳትቀይሩ አንብቡ። ያም ካልሆነ በተራ፣ ወይም ለባለቤቱ አቀብሉ። ሎክ መጀመሪያ የሚመዘዝ መሣሪያ አይደለም።

«ከይፋግ ሆኖ በአሮጌ ኮምፒውተር ምን ይሠራል?» የሚሉም አይጠፉም። ብሌንደር ነፃ ሶፍትዌር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካር የወሰደው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ለእነሱም ለእኛም ያው ነው። የጎደለን ብዙ ነገር አለ፤ ይኼን ዓይነቱን እውቀት ግን መካፈል እንችላለን።

ወንድማችንስ? ቀብዱን አልመለሰም። መክፈቻው ለሠርጉ ደርሷል፤ የሙሽሮቹ ስም ከፎገራ ውሃ ውስጥ ብቅ ሲል እኛም አይተነዋል። አሁን ሬንደር አስጀምሮ እየተኛ ነው።

እናንተስ ሬንደር መሃል ላይ የተዘጋባችሁ ጊዜ አለ? ያኔ ምን እየሠራችሁ ነበር? ጻፉልን፤ አብረን እንፈትሸዋለን። ለሚጠቅመው ጓደኛችሁም አጋሩት። ሰላም ሁኑ!